አገጭህ ያመለከተው ሰው

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚያ ስለሚጀመር ነው። መጀመሪያ ሌላ ቃል ጽፌ ነበር፤ ልጄ ከትከሻዬ በላይ ስታነብ ደንግጣ «እማዬ!» ስትል ቀድጄ ጣልኩት። አድራሻህን የሰጠችኝ ሚስትህ ናት። ለምኛት እንዳይመስልህ። የግቢዋን በር በእርግጫ ስነርተው ጎረቤት ሁሉ ወጣ፤ እፍረቱ ሲበዛባት በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በበሩ ሥር ሰደደችልኝ። እሷን እንዳትቆጣት። እኔን ታውቀኛለህ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አንተ በለቅሶ የምታገኘውን እኔ በቡጢ ነው የማገኘው።

ሰኞ አባባ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የሰው ዓይን አጥፍቷል ተብሎ ነው የተከሰሰው፤ አጥፍቷልም። እጁን ወደዚያ ሰው የመራው ምን እንደሆነ የምናውቀው አንተ፣ እኔና ዓይኑ የጠፋው ሰውዬ ነን ብዬ ሳስብ ነበር። ሰውየው ነገሩ ከአንተ አፍ እስኪወጣ እየጠበቀ ነው። ካልመጣህ ሰኞ ራሱ ተነስቶ ይናገራል። የምጽፍልህ ለዚህ ነው እንጂ ናፍቀኸኝ አይደለም። ናፍቀኸኛልም፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከእሳቱ ልጀምር። አንተ ስለሸሸህ ግማሹን አታውቀውም፤ የምታውቀውን ግማሽ ደግሞ ለራስህ አሳምረህ ሳትነግረው አትቀርም።

ያ ቦቴ ወደ ኋላ ሲመጣ የማራገፊያውን ቧንቧ ገጭቶ ሲገነጥለው አንተም እኔም የነዳጅ ዴፖው ግቢ ውስጥ ነበርን። ነዳጁ ሲሚንቶው ላይ ሲንጣለል ሾፌሩ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም ነበር። ከዚያ ምድር ተነፈሰች ልበል እንጂ ድምፁን በሌላ አልገልጸውም። ሾፌሩ ጀርባው እየነደደ ሲዘል ሁላችንም ወደ አጥሩ ሮጥን። ወደ እሱ የሮጥከው አንተ ብቻ ነህ። መሬት ላይ ጥለህ አንከባለልከው፤ ቱታህን አውልቀህ ሸፈንከው፤ ፀጉሩ ላይ የቀረውን እሳት በባዶ እጅህ ነው ያጠፋኸው። ዛሬ ድረስ ሰውየው ስምህን ሲያነሳ እንባው ይመጣል። ፈሪ አይደለህም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ኋላ የምለውን እንድትሰማኝ ነው።

እሳት አደጋዎች ደርሰው አረፋቸውን ሲለቁት ግቢው በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። እሳቱ ታፍኖ ሞተ። አጨበጨብን፤ ሥራ አስኪያጁ እንኳ ያን ኮስታራ ፊታቸውን ፈትተው የእሳት አደጋውን አለቃ አቅፈው ሳሙት። ከዚያ «ግቢውን በውሃ እጠቡት» ተባለ። ውሃ ባፈሰስን ቁጥር አረፋው ይነሳል፤ በመጥረጊያ ስንገፋው ይነሳል፤ ዝም ስንለውም ነፋሱ ያነሳዋል። ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ ወገቧን ይዛ ቆማ፣ ይሄ ነገር ቁርጥ የአማቴን አፍ ነው፣ በነካሁት ቁጥር ይብስበታል ስትል ስቀን ልንሞት። ያን ያህል ነበር የምናውቀው።

ያ ሁሉ ነዳጅ፣ ውሃና አረፋ ተጠራርጎ የዴፖው ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። የጉድጓዱን ሕግ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለእኔም ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ነዳጅ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ከታች ይቀራል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጉድጓዱ እስኪረጋ ጠብቆ የታችኛውን ቫልቭ መክፈት፤ ንጹሁ ውሃ ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ መልኩ ሲለወጥ ወይም ሲሸት መዝጋት። ዴፖው ከተሠራ ጀምሮ ሁሉም ፈረቃ እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል፤ ማንም ላይ ምንም አልደረሰም።

እኔ የምነዳው የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ሞልቶ ላራግፍ ሄጄ ነበር። ጉድጓዱ ሊገነፍል አፉ ደርሷል። ሥራ አስኪያጁ ከላይ ሆነው፣ ነዳጁ ግንቡን ከተሻገረ ሁላችንም እስር ቤት ነን እያሉ ይጮሃሉ። አንተ ቫልቩን ከፈትክ። መጀመሪያ የወጣውን በመዳፍህ ጨልፈህ እንዳሸተትከው ጽዳቷ ሴትዮ ነግራኛለች። ጥርት ያለ ውሃ ነበር አለች። ለካ የአረፋው መድኃኒት እንደ ነዳጅ አይንሳፈፍም፤ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል፤ ነዳጁንም እያሟሟ ይዞት ይወርዳል። ይህን ኋላ ነው የነገሩን። እኔም ብሆን እከፍተው ነበር። ቫልቩን በመክፈትህ አንድ ቀን ተቆጥቼህ አላውቅም፤ ማንም ቢጠይቀኝ ይህንኑ እላለሁ።

በማግስቱ ከአባባ አትክልት ቦታ በታች፣ ውሃው ከድንጋዩ ላይ በሚወረወርበት፣ አረፋው የሰው ቁመት አህሎ ቆመ። ልጆቹ እየሳቁ ዘለው ገቡበት። ጢም ሠሩበት፤ ተወራወሩበት፤ እናቶቻቸውም ከዳር ሆነው ሳቁ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ዓይቼ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው መውረድ ጀመሩ። ልጆቹ ዓይናቸው ደም መሰለ፤ ቆዳቸው ተላላጠ፤ የዋጡት እያስመለሱ ወደቁ። የአናጢው ትንሽ ልጅ ስታስመልስ ውላ ምሽቱን ራሷን ሳተች። አባባ ከአትክልት ቦታው የውሃ ጉድጓድ ቀድቶ ቀመሰና ተፋው። ባልዲውን አስቀምጦ ቀና ሲል ሰዉ ሁሉ እሱን ይጠብቅ ነበር ይላሉ። ሲነጋ ዶማና አካፋ ያልያዘ አልነበረም።

ባለጠርሙሱ ወደ ወንዙ የወረደው ያን ጠዋት ነው። ከላቦራቶሪ የተላከው ናሙና ቀጂ፣ ነጭ ቱታና ዓይን የሚሸፍን ጭምብል ያደረገው። ግቢ ውስጥ ከጠርሙሶቹ ጋር ያወራል ብለን ስንስቅበት ነበር። የሰውየው አሠራር እንዲህ ነው፤ ጠርሙሱን መጀመሪያ በዚያው በሚቀዳው ውሃ ያለቀልቀዋል፤ ይደፋዋል፤ እንደገና ያለቀልቃል፤ ይደፋል፤ ከዚያ ነው የሚሞላው። ሙያው ነው። ከወንዙ ማዶ የሚያይ ሰው ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ ፊቱን የሸፈነ ሰው ከጠርሙስ የሆነ ነገር ወንዛቸው ላይ ሲደፋ። «ሲጨምር አየነው» አሉ። ሁለት እጁን ይዘው መሬት ለመሬት እየጎተቱ ወደ ዴፖው በር አመጡት። የጠርሙሶቹን ሳጥንም ይዘው መጡ፤ ማስረጃ መሆኑ ነው።

እኔ መኪናዬን በሩ ላይ አቁሜ መከፈቱን ስጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው ድንጋይ የፊቱን መስታወት አወረደው፤ ሁለተኛው ግንባሬን ፈነከተኝ። በሚፈሰው ደም መሃል አባባን ከፊት አየሁት። የመኮትኮቻ እጀታ ይዟል። አንተን ደግሞ ከበሩ በስተጀርባ፣ የፈረቃ ኃላፊ ኮፍያህን እንዳደረግክ። አባባ እጁን ሲያነሳ ሰዉ ጸጥ አለ። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም።

«ልጄ፣ አንተ እዚህ ውስጥ ነህና እውነቱን ንገረኝ። ይህን ነገር የለቀቀብን ማነው?»

ከመኪናው ወንበር ላይ ሆኜ ፊትህን ልክ እንደዚህ ወረቀት አየዋለሁ። አፍህ ተከፈተ። ልትናገር ነው ብዬ ነበር፤ በእግዜር ስም ልትናገር ነው ብዬ ነበር። ከዚያ የተንበረከከውን ሰውዬ አየኸው። አገጭህን ብቻ ወደ እሱ ነቀነቅህ፤ ዝንብ የምታባርር ያህል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የአንተን የአገጭ ወለምታ ምን እንደሚያሸው እንጃ።

የአባባ የመጀመሪያ ምት ጭምብሉ ላይ ነበር ያረፈው። የጭምብሉ መስታወት ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገባ። ሰውየው አልጮኸም፤ እንደ ሕፃን ትንሽ ሳግ ነገር ነው ያወጣው። ሁለተኛው ምት ጆሮ ግንዱን፣ ሦስተኛው እንዳይመታ ያነሳውን ክንዱን አገኘው፤ አጥንቱ ሲሰበር የሰማሁት መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። ከዚያ ሁሉም ገባበት። ሳጥኑን ገልብጠው ጠርሙሶቹን በጫማ ረገጧቸው። ደሙና ውሃው አንድ ላይ ከመንገዱ ዳር ወደ ቦዩ ሲወርድ፣ አታምነኝም፣ ትንሽ አረፋ ደፈቀ።

የቱቦ ማያያዣውን ብረት ይዤ ወረድኩ። ያገኘሁትን መታሁ። የአናጢውን የፊት ጥርሶች ያራገፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ ሆስፒታል ተኝታ፣ ደሙ ፈልቶ የመጣ አባት ነበር፤ ሳውቅም አልተውኩትም። አንድ ሌላ ሰው ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ሰውየው ላይ ተደፋሁበት። ጀርባዬ ላይ ስንት እርግጫ እንዳረፈ አላውቅም፤ ከእነዚያ አንዱ የአባባ መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ጫማውን የገዛሁለት እኔ ነኝ። ከሥሬ ያለው ሰው ደሙን እየተፋ «አልጨመርኩም፣ እያጠብኩ ነው» ይለኝ ነበር። ቀና ብዬ በበሩ ፍርግርግ ውስጥ አንተን ፈለግኩ። ኮፍያህ መሬት ላይ ነበር። አንተ አልነበርክም።

ፖሊስ ሲደርስ ሰዉ ተበተነ። አባባ አልሮጠም። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቃቸው። ማን መታው ሲሉ እኔ አለ። ሌላስ ሲሉት እኔ ብቻ አለ።

ባለጠርሙሱን ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ይቅርታ ልለምን ነበር የሄድኩት፤ እሱ ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ ከጠርሙሶቹ የተረፈ እንዳለ ነው። የለም ስለው በዚያ በተሰነጠቀ ከንፈሩ የሰደበኝን ስድብ ከቦቴ ሾፌሮች እንኳ ሰምቼው አላውቅም። ደስ አለኝ። ጨዋ ሆኖ ቢያዝንልኝ ኖሮ የምገባበት አልነበረኝም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድምሽን አይቼዋለሁ። የቀረኝ ዓይን አንድ ነው፤ ያን ጊዜ ያየሁት ግን በሁለቱ ነው።»

ለፖሊስ ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅኩት። ለአባትሽ አዝኜ እንዳይመስልሽ አለኝ። አባትህ ፊት፣ ዳኛ ፊት፣ አንተው ራስህ ስትለው መስማት ይፈልጋል። እስከ ሰኞ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲያ አይጠብቅም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እኔም ወጣሁ።

እዚህ አሁን ሥራው መጥረግ ነው። የወንዙን ዳር አፈር እየቧጨርን በጆንያ እንሞላለን። ጉድጓዱን ወደ ወንዝ የሚከፍት የለም፤ ሁሉም በእኔ መኪና ተመጥጦ ነው የሚወጣው። ስንጨርስ ዝናብ ይጥላል፤ አረፋው ከድንጋዩ ሥር ተመልሶ ይነሳል፤ እንደገና እንጀምራለን። የአባባን አትክልት ቦታ እስከ ጉልበት ድረስ ቆፍረን አወጣነው። ሽንኩርቱን ከነአፈሩ ጆንያ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ለሌላ ሰው ልሰጠው አልቻልኩም። የአናጢው ልጅ ተርፋለች። እሱም ከእኔ ጋር ጆንያ ይይዛል። ሰላም አይለኝም፤ እኔም አልለውም። በቀደም ጆንያው ሲያመልጠኝ «ጠበቅ አድርጊው እንጂ» አለኝ፤ በጥርሱ መሃል ነፋስ እየገባበት። ሳቄ መጣ፤ እሱም አየኝና ፊቱን አዞረ። መኪናዬን የወገሩት ሰዎች አሁን በጀሪካን የማመጣላቸውን የመጠጥ ውሃ ሲጠብቁ ስሜን እየጠሩ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። ትናንት ጣቢያ ሄድኩ። አባባ ነገሩን ሰኞ ከባዳ አፍ እንዳይሰማው፣ እኔ ልንገረው ብዬ ቆርጬ ነበር። ዳቦና ንጹሕ ሸሚዝ ይዤለት ነበር። ክብደቱ ቀንሷል፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል። እየበላ ሳለ ነገርኩት። ቫልቩን። አገጭህን። ሰውየው ጠርሙሱን ያጠበበትን ውሃ እንጂ ሌላ እንዳልደፋ። ጭንቅላቴን ደፍቼ ነው የተናገርኩት፤ ስጨርስ ሲወድቅ ልይዘው እጄን አዘጋጅቼ ነበር።

ዳቦውን ማኘኩን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታውቀው አባባ?»

«ልጁ ሲዋሽ የማያውቅ አባት የት አለ?»

«መቼ ነው ያወቅከው? ከመታኸው በኋላ?»

«ሳልመታው በፊት።»

ታዲያ ለምን መታኸው አልኩት። ዳቦውን አስቀምጦ እጁን ተመለከተ፤ የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ የያዘ ይመስል ነበር።

«እጄ ተነስቶ ነበር። ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ወንድምሽ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ላሳርፍበት አልቻልኩም። የሰው ልጅ ደግሞ አጠገቤ ተንበርክኮ ነበር።»

ወንድሜ፣ አባቴን በሕይወቴ ክፉ ቃል ተናግሬው አላውቅም ነበር። ትናንት የተናገርኩትን ወረቀት አይችለውም። ዳቦውን ከእጁ ነጥቄ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩት። አንገትጌውን ይዤ ነቀነቅኩት፤ እሱም ዝም ብሎ ተነቀነቀልኝ፤ እንደዚያ ቀላል መሆኑ ነው ያስለቀሰኝ። ጠባቂው ወገቤን ይዞ እየጎተተ ሲያስወጣኝ ከበሩ ጠራኝ። እሱን እንዳትጠሪው አለኝ። ልጆች አሉት፤ ነገሩ በእኔ ይለቅ። ሰኞ፣ ሰክሬ ነበር ማንንም አልጠየቅኩም ብዬ እጨርሰዋለሁ አለ። አባባ! ጠጥቶ የማያውቀው ሰው።

የሸሸኸው ያታለልከው መስሎህ ነው፤ አላታለልከውም። ቁጣውን ፈርተህ ከሆነ ቁጣው አልቋል፤ ለአንተ የተነሳውን ሁሉ ያ ሰው ፊቱ ላይ ተቀብሎታል። አባባ አንተን ለማዳን ዋሽቶ መታ፤ አሁን ደግሞ አንተን ለማዳን ዋሽቶ ሊታሰር ነው። ያቺ የአባትነቱ ፍቅር ናት። አስጠላችኝ። እወደዋለሁ፤ ግን አስጠላችኝ። ለአንተ ካለችው ለሰው ልጅም ትንሽ ብትቀር ምን ነበረበት?

እሱ አትጥሪው ብሏል፤ እኔ እየጠራሁህ ነው። ለእሱ ብለህ ሳይሆን ለዚያ ሰው ብለህ ና። ብዙ ንግግር አይጠበቅብህም። ቫልቩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሰውየውን እያወቅኩ ያመለከትኩት እኔ ነኝ፤ በቃ። ለመጀመሪያው ማንም ሰው ይቅር ይልሃል። ለሁለተኛው ይቅር የሚልህ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ይኖራል ብዬም አልሸነግልህም። ካልመጣህ ባለጠርሙሱ ሳይነሳ እኔ እነሳለሁ፤ የአንተንም፣ የአባባንም እናገራለሁ። ዓይኑን ከወሰድንበት ሰው አንደበቱን ደግሞ አንበደርም።

ወደሚነድ ሰው በባዶ እጅህ የሮጥክ ልጅ ነህ። ከአውቶቡስ መውረድ ከዚያ አይከብድም።

ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። ከመጣህ መጀመሪያ፣ ሰዉ ሁሉ እያየ፣ ባለኝ ጉልበት በጥፊ እልሃለሁ። ከዚያ ክንድህን ይዤ አብረን እንገባለን።

የአንተው፣
እታለም